ያልተቀደደው ትኬት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2002 ዓ.ም.
የመድኃኔዓለም ለት

ለእየሩስ ክንዴ
አርባ ምንጭ

እየሩሴ፣ ከእናቴ ልጅ የማልለይሽ፣ እንደምን ከረምሽ? የአርባ ምንጭን ሙቀት ለመድሽው ወይስ አሁንም ጥላ ለጥላ ነው የምትሄጂው? እኛ ዘንድ ብርዱ ገብቷል። ጠዋት የሙዚቃ ሱቁን ቁልፍ ስይዝ ጣቴን ይቆረጥመኛል። ገብሱ ግን ጥሩ ይዟል እያሉ ነው፣ የገጠሮቹ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የመምህር ታደለ ልጅ ወርቄ ናት። እዚያው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ትሳፈራለች። በፖስታ ብልከው ጊዜው ያልፍብኛል ብዬ ነው። በስልክ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ለመስቀል ሰሞን ደውዬ «አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» ስልሽ፣ «ምነው፣ አዲስ ካሴት ወጣ?» አልሽኝ። እኔም የልቤን በልቤ ይዤ ካርዴ እስኪያልቅ ስለ ካሴት አወራሁልሽ። ፈሪ ነኝ። ደፋር የምመስለው ምላሴ ረጅም ስለሆነ ብቻ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያርጋል ደባርቅ ሊዘፍን መሆኑ እዚያ ድረስ መሰማቱ ገርሞኛል። አዎ፣ እውነት ነው። ኅዳር 12፣ የሚካኤል ለት፣ ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ። ዳባት ተወልዶ፣ ይችን ቀዝቃዛ ከተማችንን እየዘለለ አገር ምድሩን ሲዞር የኖረ ሰው በመጨረሻ አስታወሰን። ዳባቶች «የእኛ ልጅ ሆኖ እንዴት በእናንተ ሜዳ» ብለው ተቀይመዋል አሉ። ሱቁ ሰው አይጠፋበትም። የሚገዛ የለም፣ ሁሉም ወሬኛ ነው። ባህር ዳር የዘፈነ ጊዜ ሄዶ ያየ አንድ ባለ ባጃጅ አለ፣ ድምፁ እስኪዘጋ እሱን ሲተርክ ይውላል። ሕዝቡ ያለቅስ ነበር፣ እኔም አልቅሻለሁ ይላል። ሌላው ደግሞ የአምናውን የጎንደሩን ያነሣና በመሰንቆ ነው የጀመረው፣ የለም በኦርጋን ነው ተባብለው ይጨቃጨቃሉ። ከዚያ እኔን ዳኛ ያደርጉኛል፣ ሸጊቱ ነበረች እያሉ። አላስታውስም እላቸዋለሁ።

ፖስተሩም መጥቷል። እንደ አምናው ደባርቅና ዳባት እንድለጥፍ አዘጋጆቹ በአጎቴ እጅ ሃያ ልከውልኛል። ጥቅልሉን ከባንኮኒው ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ እስካሁን አልፈታሁትም።

«ሦስት ትኬት ያዢልን» ብለሻል። አንድ ለአንቺ፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለማዕረግ። «አምና ነፍሱ ያርጋልን ልትሰማ ከመጣች ዘንድሮም አትቀርም፣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ» ያልሽውን ሳነብ ፊደሉ ጠፋብኝ። ሱቁን በቀትር ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። እየሩሴ፣ ወንድምሽ አይመጣም። እንደማይመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ለምን እንደሆነም እነግርሻለሁ። ነገር ግን ከሱ የሚቀድም አለ፣ እሱን ልጻፍና ልገላገል።

አባትሽ ታመዋል።

ነሐሴ ላይ ምግብ እምቢ አላቸው። መስከረም ሲጠባ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሆዳቸው ተነፋ። ከቡይት ራስ፣ ከጥበቃ ሥራቸው፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ወርደው ነው እዚህ ቤታቸው የተኙት። መሪጌታ እንዳለውና እኔ ጎንደር ወሰድናቸው። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፣ ወደ ውጭ አውጥቶ ጉበታቸው እንዳለቀ ነገረን፣ ቤታቸው ብታስታምሟቸው ይሻላል አለን። ስንት ጊዜ ይቆያሉ አልኩት። ሳምንታት ነው አለ፣ ወር ቢሞሉ ጥሩ ነው አለ። ይህን ያለን ጥቅምት 12 ቀን ነው። አሁን የሾርባ ውሃ ነው የሚወስዱት። ጤናዬ ጎረቤታችሁ ቀን ቀን ከሳቸው ጋር ትውላለች፣ እኔ ሱቁን ስዘጋ እሄዳለሁ።

ለምን እስካሁን አልተነገረኝም ትያለሽ። ሽማግሌዎቹ መከሩበት። ልጅቱ ለኅዳር ሚካኤል ለዘፈኑ ልትመጣ አይደል፣ ለምን በመንገድ እናስጨንቃታለን፣ ትምጣ፣ ዘፈኑም ይለፍላት፣ ከዚያ ታየዋለች አሉ። ይህን ሲሉ እዚያው ነበርኩ። እየሩሴ፣ ይህ ነገር ከሽማግሌዎቹ የወጣ አይደለም። አምና እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

አሁን አምና የሆነውን ልንገርሽ። አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነው። ግማሹ ደግሞ ውሸት ነው።

ማዕረግ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሰሞን ሦስታችን ሱቁ ውስጥ የተቀጣጠርነውን አትረሺውም። የፖስተር መለጠፊያ ብለው ሦስት ትኬት ሰጥተውኝ ነበር። ማዕረግ የእኔን ያዙልኝ፣ በሳንጃ በኩል መጥቼ ኅዳር 13 ጎንደር ስታዲየሙ በር ላይ ታገኙኛላችሁ አለ። ዎክማኑ ባትሪ እንዳይጨርስ ካሴቱን በስክሪብቶ እያጠነጠነ ነበር ያን ጊዜም። አንቺ በደብተርሽ የዘፈኑን ግጥም ትገለብጪ ነበር፣ «ጭጋጉ ሲገለጥ» የሚለውን፣ አንድ ቃል አልሰማ ብሎሽ አሥር ጊዜ አስመልሰሽዋል። እሱ እየሳቀ «ሄደን ራሱን እንጠይቀዋለን» አለሽ። እንግዲህ እኔ ማዕረግን ለመጨረሻ ያየሁት በዚህ ነው።

ኅዳር 8 ቀን፣ ሰኞ፣ አንቺ ዳባት እያስተማርሽ ነው፣ አንድ ሰው ሱቁ ገባ። ኪዳነ ማርያም ይባላል፣ የጃናሞራ ሰው ነው፣ ከሰሊጡ እየተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ እሱንም ወባ ይዞት ነበር። ካሴት የሚፈልግ መስሎኝ የማን ልስጥህ አልኩት። እሱ ግን ከጉያው ቀይ ሻርፕ አወጣ። ሻርፑ ውስጥ የማዕረግ ዎክማን ነበር። ደባርቅ ስትደርስ ሙዚቃ ቤቱን ጠይቅ ብሎት ነበር አለኝ። ሻርፑን እዚያው ሁመራ ገበያ ለጎንደሩ ቀን ብሎ ገዝቶት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያስረው ቀረ አለ። ወባው በአራት ቀን ነው የጨረሰው። ኅዳር 3 ቀን ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት።

ሰውየውን ይዤ መሪጌታ ዘንድ ሮጥኩ። እስከዚህ ድረስ የሰው ልጅ ነበርኩ። አለቀስኩ፣ ደረቴን መታሁ። መሪጌታ ሁለት ሽማግሌ ጠሩና መከሩ። ነገ ንጋት ላይ ቡይት ራስ ወጥተን አባቱን እናረዳለን፣ በማግስቱ ዳባት ወርደን እኅቱን አሉ። ወጉ ነውና ሁሉም ተስማማ። ያን ጊዜ እኔ ተነሣሁ። ሠርግ ያለበት ቤት መርዶ አይገባም አይደል አልኩ፣ ሠርጉ እስኪያልፍ ይቆያል አይደል አልኩ። እየሩስ ቅዳሜ ጎንደር ልትሄድ ዓመት የጠበቀች ናት፣ ይህ ለሷ ከሠርግ ይበልጣል፣ ሰኞ ንጋት ላይ ብትሰማ ምን ይጎድላል አልኩ። መሪጌታ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሡ «ዘፈን ሠርግ ሆነ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። እኔ ግን አፌ አልተያዘም። ስለ አንቺ እየማልኩ፣ ስለ አንቺ እያለቀስኩ ለመንኳቸው። በመጨረሻ ይህን ለአባቱ ራስሽ ንገሪው፣ እሱ ካለ እኛ አንከለክልም አሉኝ።

ማክሰኞ በንጋት አብሬያቸው ቡይት ራስ ወጣሁ። አባትሽ የፓርክ ስካውት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ለሥራ ሊሰማሩ ሲሉ ነው የደረስነው። ሽማግሌ በጠዋት ተሰብስቦ ሲመጣ ገና ከሩቅ ያውቁታል እኮ። መሪጌታ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ጋሽ ክንዴ ጠመንጃቸውን የድንጋዩ አጥር ላይ አስደግፈው፣ ቁጭ ብለው «የትኛው?» አሉ። የትኛው ልጄ ማለታቸው ነው። ማዕረግ መሆኑ ተነገራቸው። አልጮኹም። ገደሉን እያዩ እየሩስ ሰምታለች ወይ ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ መሪጌታ ወደ እኔ አዩ፣ እኔም ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ቅዳሜን ብቻ ይተዉላት፣ ጋሽ ክንዴ፣ አልኳቸው።

አባትሽ ያሉትን ልጻፍልሽ። «ቅዳሜን ትሳቅ። ከሰኞ ጀምራ ዕድሜ ልኳን ታለቅሳለች።» አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሸጊቱ ስም እንዳይነሣ፣ ጓደኞች ናቸው አሉ። እስከ ዛሬ ማንም ስሜን ያላነሣው ለዚህ ነው።

አሁን የማያምረውን ልጻፍ። ስለ አንቺ አዝኜ አልነበረም። ራሴንም ስለ አንቺ ነው እያልኩ አንድ ወር አሳምኜዋለሁ፣ ግን አልነበረም። አጎቴ ከእየሩስ ጋር ካልሆነ ጎንደር አትሄጂም ብሎኝ ነበር፣ አንቺ መምህርት ነሽ፣ ስምሽ ያስከብራል። አንቺ ማቅ ከለበስሽ እኔም ቀረሁ ማለት ነው። ስድስት ዓመት የሰው ድምፅ በካሴት ስገለብጥ ኖሬ፣ አንድም ዘፋኝ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ኪዳነ ማርያም ሻርፑን ሲፈታ፣ እንባዬ እየወረደ፣ በሆዴ «ቅዳሜስ?» ያልኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ፣ እየሩሴ። አርብ አርብ ስሰግድ የምጠይቀው ይቅርታ ይህ ነው።

አንቺ አርብ ማታ ከዳባት መጥተሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ላይ አባትሽ ሊሸኙሽ መጡ። አስታወስሽ? አራት ቀን ቡይት ራስ ተቀምጠው፣ ፊቴ ያሳብቅብኛል ብለው ሳይወርዱ ከርመው፣ በዚያ ቀን ግን አላስቻላቸውም። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻሽ ላይ ጣል አደረጉልሽ። «አባዬ፣ ምነው ዓይንህ ቀላ?» አልሻቸው። ብርድ ነው አሉሽ። አንቺ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ «ማዕረግን ይዤልህ እመጣለሁ» አልሻቸው። እሳቸው «እሺ፣ ልጄ» አሉ። አውቶቡሱ ከተነሣም በኋላ እዚያው ቆመው ነበር። አንቺ ወደ ፊት ዞረሻል፣ እኔ ግን አየኋቸው። መናኸሪያው አጥር ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ነበር።

ጎንደር ስንደርስ የነበረውን ግርግር ምን አስታውስሻለሁ። በሩ ላይ ያ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ የትኬቱን ጫፍ እየቀደደ ያስገባ ነበር። አንቺ ከገመዱ ወዲህ ቆመሽ ማዕረግ ሳይመጣ አልገባም አልሽ። የሱን ትኬት በእጅሽ ይዘሽ ከአዘዞ በኩል የሚመጣውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታዪ ነበር። ከውስጥ ሕዝቡ ጮኸ፣ ያርጋል ወጣ። የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ። ሁለተኛው ተጀመረ፣ እሱም አለፈ። ሦስተኛው «ጭጋጉ ሲገለጥ» ነበር። ድምፁ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ይመጣል፣ ሰውየው ግን አይታይም። በካሴት የምሰማውን ያህል እንኳ አልጠራልኝም። እዚህ ቆሜ ሊያልቅብኝ ነው አልኩ በልቤ።

አፌ አመለጠኝ ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ። አላመለጠኝም። አስቤበት ነው። «ያውልሽ ገባ» አልኩሽ። በዚያኛው በር፣ ከሁመራ ልጆች ጋር፣ ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል አልኩሽ። ሻርፑ ከየት እንደመጣልኝ አሁን ታውቂያለሽ። ሱቁ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ሥር፣ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር።

«እውነትሽን ነው?» አልሽኝ።

«መድኃኔዓለምን» አልኩሽ።

ትኬቱን እጄ ላይ ጣል አድርገሽ፣ ሌላ አግኝቶ ነዋ፣ ሳይጠብቀን የገባ ሌባ ብለሽ እየሳቅሽ ሮጥሽ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም እኔም መቼም አንረሳውም። የአባትሽን ጋቢ ወገብሽ ላይ አስረሽ ጨፈርሽ። በሰዉ መካከል እንዲያይሽ ሁለት እጅሽን ወደዚያኛው ወገን እያነሣሽ፣ ስሙን እየጠራሽ፣ ትከሻሽ እስኪወልቅ ጨፈርሽ። በዙሪያሽ ያሉት ቦታ ለቀቁልሽ፣ አጨበጨቡልሽ። እኔስ ብትይ፣ ከእንግዲህ አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ያርጋልን አየሁት። በላብ የረጠበ ሸሚዙን፣ የጎደለች ጥርሱን ሳይቀር አየሁ። ማዕረግ በሞተ በአሥረኛው ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ቤታችሁ ገቡ። መርዶው ሲነገር አንቺ ሳቅሽ። ምን ነካችሁ፣ ቅዳሜ ጎንደር ነበር እኮ፣ ሸጊቱ አይታዋለች አልሽ። ከዚያ ዕቃው ሲወጣ፣ ቀዩ ሻርፕ ሲወጣ፣ ጮኸሽ ወደቅሽ። «ይህን ነው ያሰረው፣ ሸጊቱ በዓይኗ አይታዋለች» አልሽ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሪጌታ ገባቸው። ፊቴን አንድ ጊዜ አዩና፣ ነፍስ እስከ አርባ ቀን የምትወደውን ቦታ ትዞራለች ይባላል፣ እሱ ይሆናል አሉ። አዝነውልኝ ነው፣ ወይም ለአንቺ አዝነው። ይኸው ወሬው ደባርቅን አዳረሰ፣ የማዕረግ ነፍስ ቀይ ሻርፕ አስራ ጎንደር ታየች ተባለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ በየት በኩል ልመልሰው።

አባትሽ ግን ቀድመው እንደሚያውቁ ስትሰሚ ያልሻቸውን እንድደግመው አትፈልጊም። «ወንድሜ አፈር ለብሶ አስጨፈርከኝ። ከእንግዲህ አባት የለኝም።» አልሻቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ትናገር ይሆን ብለው መሰለኝ። እኔ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ሳብኩ። ከአርባው በኋላ ዝውውር ጠይቀሽ ሄድሽ፣ ዓመት ሙሉ ድምፅሽን አላሰማሻቸውም። የእኔን ዕዳ የተሸከሙልኝ እሳቸው ናቸው።

ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ አንድ ልማድ አምጥተዋል። ሱቅ ዘግቼ ስሄድ አጠገባቸው ያስቀምጡኝና ያን ቅዳሜ ንገሪኝ ይሉኛል። እንዴት ነበር የጨፈረችው? ጋቢዬን የት አሰረችው? ሳቀች? እነግራቸዋለሁ። ትናንትም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ድምፃቸው እንኳ በቅጡ አይወጣም፣ «እንግዲያስ ልክ ነበርኩ፣ አንድ ቀን ስቃለች» አሉ። ያ ሳቅ በምን እንደመጣ አያውቁም። ልነግራቸው ብዬ ነበር፣ ሾርባውን ብቻ አቅርቤላቸው ወጣሁ። አንቺ መጥተሽ ልትነግሪያቸው ከፈለግሽ ንገሪያቸው፣ ልትተዪውም ከፈለግሽ ያው። የአንቺ አባት ናቸው፣ እኔ ከእንግዲህ ስለሳቸውም ስለ አንቺም የምወስነው ነገር የለም።

ዎክማኑ ከራስጌያቸው ነው። ባትሪ የለውም። አንድ ቀን ባትሪ ልግዛለት ስላቸው፣ ቤቱ ሐዘን ነው፣ ዓመቱ ሳይወጣ ዘፈን አይከፈትም አሉ። የእኔ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ሲያንባርቅ እዚያ ድረስ ይሰማቸዋል። አንድ ቀን አልተናገሩኝም።

እየሩሴ፣ ኅዳር 12ን አትጠብቂ። ወርቄ በጥቅምት 30 እጅሽ ታደርሰዋለች። በማግስቱ ብትሳፈሪ ኅዳር 3 ወይም በበነጋው ትደርሻለሽ። ኅዳር 3 የማዕረግ ሙት ዓመት ነው፣ ካህናቱን ጠርተናል። አባትሽ እስከዚያ ይቆያሉ ብዬ እገምታለሁ፣ እስከ ሚካኤል ግን አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ይህን መጻፌን አያውቁም። ሲያውቁ ይቆጡ። የታመመ ሰው በሕይወት ሳለ የሚነገር ወሬ መርዶ አይደለም፣ ወሬ ነው። እኔን ለመርገም ከሆነ መንገድ ላይ ጊዜ አለሽ። እሳቸው ደጃፍ ስትደርሺ ግን ስለ እኔ ያለሽን ቂም ውጭ ትተሽ ግቢ፣ እኔም እዚያ አልገኝም። ጤናዬ ቁልፉን ትሰጥሻለች።

ፖስተሩን ዛሬ ማታ ለአጎቴ እመልሳለሁ፣ ሌላ ሰው ይለጥፈው። ትኬት አልያዝኩልሽም፣ ለማንም አልያዝኩም።

ይልቅ አንድ ነገር አብሬ ልኬልሻለሁ፣ ፖስታው ውስጥ ፈልጊው። አምና እጄ ላይ ጣል ያደረግሽው ትኬት ነው። ዓመት ሙሉ ከካሴቶቹ ኋላ ደብቄው ነበር። የአንቺና የእኔ ጫፋቸው ተቀድዷል። ይኸኛውን ገልብጠሽ እዪው፣ አራቱም ጫፍ ሙሉ ነው። በዚያ በር በኩል ማዕረግ አልገባም፣ እየሩሴ። በዚያኛውም አልገባም። ማንም አልመጣም።

መድኃኔዓለም፣ አምና በስሙ የዋሸሁበት ጌታ፣ አባትሽን ሳትደርሺ አይውሰድብሽ። መንገዱን ያቅናልሽ፣ የሰው ዓይን ከሚያየው ክፉ ይሰውርሽ። ለእኔ አትጸልዪልኝ፣ ጊዜው ሲሆን እኔ እለምንሻለሁ።

ያላየሁትን አየሁ ያልኩሽ፣
ሸጊቱ